ለዜድኤክስ ስፔክትረም የነደፍኩት የሜሞሪ ቦርድ አልነሳ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አጎቴ የሰጠኝ ባለ 48 ኪሎባይት ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ የድሮ የቤት ኮምፒውተር አለኝ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል። እንዲነሳልኝ በጣም ነው የምፈልገው።

ከታችኛው ሜሞሪ 8 ቺፖች ሦስቱ ሞተዋል። 4116 ናቸው፤ +5፣ -5 እና +12 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ 8ቱንም አውጥቼ በአንድ 62256 ስታቲክ ራም የሚተካ ትንሽ ቦርድ ኪካድ በተባለ የሰርኪት መንደፊያ ፕሮግራም ነደፍኩ። በ+5 ብቻ ይሠራል። የመጀመሪያ ዲዛይኔ ነው።

4116 አድራሻውን በሁለት ዙር ነው የሚቀበለው፤ 7 ቢት በአርኤኤስ (የረድፍ አድራሻ ምልክት)፣ ቀጥሎ 7 ቢት በሲኤኤስ (የዓምድ አድራሻ ምልክት)። የመጀመሪያውን ዙር እንዲይዝልኝ 74ኤችሲቲ574 የተባለ መያዣ ቺፕ አስገባሁ፤ ክሎኩን በቀጥታ ከአርኤኤስ ጋር አገናኘሁት። ሲኤኤስ ወደ ራሙ ቺፕ ሴሌክት (ቺፑን የሚያነቃው እግር)፣ የማያስፈልገኝ የአድራሻ እግር ኤ14 ወደ ግራውንድ።

ስከፍተው ስክሪኑ በመስመር ብቻ ይሞላል። ሾርት የለም፣ ቮልቴጁ 4.9 ነው። ራሙን በሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ኦሲሎስኮፕ የለኝም።

ትናንት ማታ ዳታሺቱን ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። 574 የሚይዘው ክሎኩ ሲነሳ ነው፤ እኔ ግን አድራሻውን መያዝ ያለብኝ አርኤኤስ ሲወርድ ነው። እጄ ላይ ምልክት የሚገለብጥ 74ኤችሲቲ04 ኢንቨርተር አለ። ምልክቱ ሲወርድ የሚይዘውን 573 ግን ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ።

አርኤኤስን በ04 ገልብጬ 574ቱን ልጠቀም፣ ወይስ የኢንቨርተሩ መዘግየት አድራሻውን ስለሚያስመልጠኝ 573 እስኪመጣ ልጠብቅ?