ሄሞፊሊያ፦ የጉልበት እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ካርቲሌጁን የሚበላው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ማራኪ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ (ደም በቶሎ የማይረጋበት የዘር በሽታ) ያለበት፣ ማለትም ደም ለማርጋት የሚያስፈልገው ፕሮቲን፣ ፋክተር 8፣ ከጤናማው መጠን ከ1 በመቶ በታች የሆነበት ልጅ ጉልበቱ ውስጥ ሲደማ ቤተሰብ የሚያየው እብጠቱን ነው። እብጠቱ በሳምንት ሲጎድል «ተሻለው» ይባልና ልጁ ወደ ኳሱ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ያው ጉልበት አልዘረጋ፣ አልታጠፍ ይላል። ደሙን ሰውነት መልሶ የሚመጠው ከሆነ ካርቲሌጁን፣ ልም አጥንት የምንለውን፣ የሚያጠፋው ምንድን ነው? መማሪያው «ኢንፍላሜሽን» (የአካል መቆጣት) ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ጥያቄዬ፦ ቤተሰቡ ከደንቢያ ወይም ከዳባት ተነስቶ ከተማ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ አለን?

መልስ 1፦ አዘዞ ላብራቶሪ

«ኢንፍላሜሽን» የሚለው ግማሽ መልስ ነው። ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ሕይወት ያላቸው ሕዋሶቹ፣ ኮንድሮሳይቶች፣ ከይዘቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ውሃ፣ ኮላጅን 2 የሚባል የፕሮቲን ክር እና ውሃውን ይዞ የሚያቆይ ፕሮቲዮግላይካን ነው። ኮንድሮሳይት ሲሞት የሚተካው የለም ማለት ይቻላል።

ደሙ ሲገባ ቀይ ሕዋሶችና ሞኖሳይቶች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች አብረው ይገባሉ። ሞኖሳይቶቹ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባል ቁጣ ቀስቃሽ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እሱ ደግሞ ኮንድሮሳይቱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ቁስል የምናጥብበት ያው ፐርኦክሳይድ ማለት ነው። ይህን ብቻውን ቢሆን ሕዋሱ በመጠኑ ይቋቋመው ነበር። ችግሩ አጠገቡ ከፈረሱት ቀይ ሕዋሶች፣ ከሄሞግሎቢን፣ የወጣ ብረት መኖሩ ነው። ብረቱ ለፐርኦክሳይዱ አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ፐርኦክሳይዱ ይሰነጠቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል፤ የፌንተን ምላሽ የሚባለው ይህ ነው። ራዲካሉ ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ርቆ አይሄድም፣ እዚያው ያገኘውን ይመታል፦ የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን። ኮንድሮሳይቱ በአፖፕቶሲስ፣ ማለትም ራሱን በራሱ በማፍረስ፣ ይሞታል።

ማስረጃው ጠንካራ ነው። የሰው ካርቲሌጅ ቁራጭ በቤተ ሙከራ 50 በመቶ ደም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለ4 ቀን ሲቀመጥ፣ ደሙ ታጥቦ ከተወገደ ከብዙ ቀን በኋላም ፕሮቲዮግላይካን መሥራቱ አይመለስም። ሞኖሳይት ብቻውን ወይም ቀይ ሕዋስ ብቻውን ሲሆን ግን ቁራጩ ያገግማል። የሚገድለው የሁለቱ መገናኘት ነው። በዚያ ሳህን ውስጥ የተቆጣ የመገጣጠሚያ ሽፋን አልነበረም፤ ስለዚህ ደሙ በቀጥታም ይጎዳል።

መልስ 2፦ ፊዚዮ ጎንደር

መልስ 1 ልክ ነው። በተደጋጋሚ የሚደማ ልጅ ላይ ግን ጉልበቱን የሚጨርሰው ሁለተኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ደሙ ሲመጠጥ ብረቱ አብሮ አይጠፋም፤ ሄሞሲደሪን የሚባል የብረት ክምችት ሆኖ በውስጠኛው ሽፋን፣ በሲኖቪየሙ፣ ይከማቻል። ሽፋኑ ቡናማ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ቬጂኤፍ በሚባለው ፕሮቲን ምክንያት አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነዚያ ሥሮች በትንሽ እንቅስቃሴ ይበጠሳሉ፤ ደም እንደገና ይገባል። የወፈረው ሽፋን የሚያመነጫቸው ኤምኤምፒና አዳምትስ የሚባሉ ኢንዛይሞች መጀመሪያ ፕሮቲዮግላይካኑን ይቆርጣሉ፣ ቀጥሎ ኮላጅኑን። ኮላጅኑ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። በ6 ወር ውስጥ ያለ ግልጽ ምክንያት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የደማ መገጣጠሚያ ከዚህ ዑደት ገብቷል ብላችሁ ያዙት።

በእጅ ለመለየት፦ አዲስ ደም ያለበት ጉልበት የተወጠረና የሚያቃጥል ነው፣ ልጁ አያስነካም። ሽፋኑ የወፈረበት ግን እንደ ቦካ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ሕመሙም ቀላል ነው። ቤተሰብን የሚያዘናጋው ይህኛው ነው።

ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ፈጽሞ አይገባም፤ መታሸቱ ስሱን ሥር ይበጥሰዋል። ዋግምትም እንዲሁ፣ ቆዳው ሲበጣ ሌላ መድማት ይጀምራል። እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግ። በረዶው ሕመም ያስታግሳል እንጂ ፋክተርን አይተካም። መድማቱ ቆሞ ሕመሙ ሲበርድ መገጣጠሚያውን ሳያንቀሳቅሱ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና መልቀቅ ይጀመር፤ የሰለለ ጭን ጉልበቱን አይደግፍም።

መልስ 3፦ ፋርማሲ አራዳ

ስለ ጊዜው፦ እብጠት አይጠበቅ። ልጁ «ይወረኛል»፣ «ሞቀኝ» ሲል ወይም ማነከስ ሲጀምር ደሙ ገብቷል። ፋክተሩ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከገጠር ዘግይቶ የመጣም ይሰጠው፣ የሚቀንስ እያንዳንዱ ጠብታ ለካርቲሌጁ የሚቀንስ ብረት ነውና።

ስሌቱ፦ ለመገጣጠሚያ መድማት በደሙ ያለው ፋክተር ከጤናማው መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ እንዲደርስ እንፈልጋለን። ፋክተር 8 በኪሎ 1 ዩኒት ሲሰጥ መጠኑን 2 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። ለ20 ኪሎ ልጅ 40 በመቶ ለማድረስ 20 × 40 × 0.5 = 400 ዩኒት። ባለ 250 ዩኒት ጠርሙስ ከሆነ ሁለት ጠርሙስ ሙሉውን ስጡ፣ ትራፊውን አትድፉ። ሄሞፊሊያ ቢ፣ ማለትም የጎደለው ፋክተር 9፣ ከሆነ ፋክተር 9 በኪሎ 1 ዩኒት 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚጨምር 800 ዩኒት ይሆናል። ሲበጠበጥ ጠርሙሱን አትነቅንቁት፣ አረፋ ያወጣል፤ በቀስታ አዙሩት፣ በደም ሥር ቀስ ብላችሁ ስጡ።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ ለሕመም ዲክሎፌናክ በመርፌ ይወጋል። የጡንቻ መርፌው ራሱ ያደማል፣ መድኃኒቱም ደም ለማርጋት የሚረዱትን ፕሌትሌቶች ያደክማል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም አይሰጡ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ኮንሰንትሬት (በጠርሙስ የሚመጣው የተጣራ ፋክተር) ከሌለ ክራዮፕሪሲፒቴት (ከፕላዝማ የሚለይ የደም ውጤት) ለኤ ይሆናል፤ ፋክተር 9 ስለሌለው ለቢ አይሆንም፣ ለቢ ፕላዝማ ነው። ኤሚሲዙማብ የሚባለውን መድማት የሚከላከል መርፌ የሚወስድ ልጅም ቢሆን ለደማ ጉልበት ፋክተሩን ይፈልጋል፤ መርፌው መከላከያ ነው። በትክክለኛ መጠን ተሰጥቶ ካልተሻለው ኢንሂቢተር (ፋክተሩን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል) ይመርመር።

ማራኪ

አመሰግናለሁ። ደሙ ካርቲሌጁን እንዲህ ከጎዳ በመርፌ ወዲያው መቅዳት አይሻልም?

አዘዞ ላብራቶሪ

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ጉልበቱ በጣም ተወጥሮ ሲያስጨንቅና ደሙ ገና ሳይረጋ ይቀዳል፤ ግን ፋክተሩ መጀመሪያ 40 በመቶ ከደረሰ በኋላ፣ ንጽሕናው በተጠበቀ ክፍል። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረም ናሙናው ለካልቸር (ለጀርም ማብቀያ ምርመራ) ይላክ። ፋክተር ሳይሰጥ ከተቀዳ መርፌው የገባበት ራሱ ይደማና ያው ጉልበት በማግስቱ ተመልሶ ይሞላል።