ክርክር፦ ደጋ አጋዘን ለአዳኝ ይሸጥ?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አስር ሳንቲም ላይ ያለውን ባለ ጠምዛዛ ቀንድ አውሬ ታስታውሳላችሁ? ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ብዙ ሰው ባሌ ብቻ ያለ ይመስለዋል። እኛው አገር፣ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ ከፍ ብሎ ቁኒ ሙክታር ጫካ ውስጥም ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መጠለያ ተብሎ ተከለለለት። መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ጠፋ፣ ደኑም ተመነጠረ።

ሐሳቤ ይሄ ነው። አሜሪካኖች ኤልክ የሚሉት ትልቅ አጋዘን አላቸው። በፈረንጆቹ 1900 ገደማ ከመቶ ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ዛሬ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። ብዙውን ወጪ የሸፈነው አዳኝ ነው። በ1937 የወጣው ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበውን 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት አዋለው። ባሌ ውስጥም እንደ ኦዶ ቡሉ ባሉ የአደን ቦታዎች የውጭ ሰው ከፍሎ ያረጀ ወንድ ይገድላል። ታዲያ ጨርጨር ላይ፣ ያው የጭሮ ዙሪያ ተራራ ላይ፣ ደኑ ይከለል፣ አጋዘን ከባሌ ይምጣ፣ አዳኝ ይክፈል። ምን ትላላችሁ?

የመጋላው፦ አቦ፣ ልክ ነህ! የጠባቂ ደሞዝ ከሰማይ አይወርድም። አሜሪካ ውስጥ ኬንታኪን ተመልከቱ። ኤልክ ጨርሶ ጠፍቶበት የነበረ ግዛት ነው። በፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ 1,500 ገደማ ከሌላ ግዛት ጭነው አምጥተው ለቀቁ። አሁን ከ10 ሺህ በላይ ሆኗል፣ ይታደናልም።

የሳቢያኗ፦ ወንድሞቼ፣ ቅደም ተከተሉን ገለበጣችሁት። ኤልክን የፈጀው ራሱ ጠመንጃው ነው። ለሥጋው፣ ለቆዳው፣ ለጥርሱ ሳይቀር ገደሉት። የምሥራቅ አሜሪካው ዝርያ ጠፋ፣ የአሪዞናውም ጠፋ። መዳን የጀመረው ለገበያ መግደል ሲከለከልና መሬት ሲከለልለት ነው። በፈረንጆቹ 1912 ዋዮሚንግ በሚባለው ግዛት ውስጥ የክረምት መጠለያ ተሰጠው። የአዳኙ ቀረጥ የመጣው ከዚያ ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

ኬንታኪም ቢሆን ኤልኩን የለቀቁት ድንጋይ ከሰል ተቆፍሮበት በተተወ መሬት ላይ ነው። ማንም አያርሰውም ነበር። ጨርጨር ላይ ሰው እስከ ገደሉ አፋፍ አርሷል። ጫት አለ፣ ማሽላ አለ። የትኛውን ገበሬ ተነስ ልትሉት ነው? 1,500 የሚጫን አጋዘንስ ከየት ይመጣል? በዓለም ላይ የቀረን ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። ሴቷ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ኤልክ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ እንደገና ያበቅላል። ከዋዮሚንጉ መጠለያ የወደቀውን ቀንድ ልጆች እየለቀሙ በጨረታ ይሸጡታል። አብዛኛው ገንዘብ ለመጠለያው ይመለሳል። ደም ሳይፈስ! የኛ አጋዘን ቀንድ ግን የዕድሜ ልኩ ነው። ካልገደልከው አታገኘውም።

የጭሮ ልጅ፦ እኔ የዚያ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ገብሱን ከከርከሮና ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ስንት ሌሊት ውጭ አድሯል። አጋዘን ቢመለስ ደስ ይለኛል፣ የምሬን ነው። ግን ገንዘቡ አዲስ አበባ ከቀረ፣ ለእኛ የሚተርፈው አትረሱ፣ አትቁረጡ መባል ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ከሸዋ በር፦ ልጆቼ፣ ሐረርን እዩ። ፈላና በር አካባቢ ጅብ በአፍ ሲጎረስ ለማየት እንግዳው ከፍሎ ይመጣል። ጅቡ በማግስቱም ይመጣል፣ እንግዳውም እንዲሁ። የሞተ አጋዘን የሚከፈልበት አንዴ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን ጅብ ከሰው ጋር መኖር የለመደ ነው። አጋዘን ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ ቀኑንም ጫካ ውስጥ ነው የሚውለው። ማን ያየዋል?

የሳቢያኗ፦ ዲንሾ ሂድና እይ! የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሰው እያየው ይግጣል። የሚነካው ስለሌለ ነው። ያ መተማመን ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1983 ግርግር ስንቱን ገድለንበታል።

የመጋላው፦ ይሁን፣ አደኑ ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን አስር ዓመታት ጠባቂውን ማን ይከፍላል? እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የከዚራ ልጅ፦ እኔም መልስ የለኝም። አዳኙን ከሐሳቤ አውጥቼዋለሁ፣ ደኑን ግን አልለቅም። የጭሮው፣ አባትህን ጠይቅልኝ እስቲ። ከእርሻው በላይ ያለውን ገደላማ ቦታ ለኮሶና ለጥድ ቢተውት፣ በዓመት ምን ያህል ቢከፈላቸው ይስማማሉ?

የጭሮ ልጅ፦ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እጠይቃቸዋለሁ።