እርዱኝ፦ ዜማው ሲገባ አውራ ጣቴ ይቆማል (ትራቪስ ፒኪንግ)

ዘጠነኛ ፍሬት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ከአንድ ዘፋኝ ጋር እጫወታለሁ፣ ከኔ ጊታር ሌላ መሣሪያ የለም። የምጫወተው በትራቪስ ፒኪንግ ነው፣ ባሱን (ወፍራሞቹን ክሮች) በአውራ ጣት፣ ዜማውን በሌሎቹ ጣቶች አንድ ላይ የሚመቱበት የጊታር ስልት። ባሱን በአውራ ጣቴ ለብቻው ስመታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዜማውም ለብቻው ችግር የለበትም። ሁለቱን ሳገናኛቸው ግን ዜማው በምቶቹ መሃል የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴ ወይ ቀጥ ይላል ወይ ከአመልካች ጣቴ ጋር አብሮ ይመታል። ሲ ኮርድ ላይ፣ ሁሌ እዚያው ቦታ። በዚያ ላይ የአውራ ጣት ፒኩ (ጣት ላይ የሚጠለቀው መምቻ) እየዞረ አስቸግሮኛል። ምን ላድርግ?

የእንጨት ድምፅ፦
ወንድሜ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ክፈት። በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርገውና ቀስ ብለህ ተለማመድ። ሌላ መላ የለውም።

ስድስተኛው ክር፦
መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ስሙ የጊታሪስቱ የመርል ትራቪስ ነው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ኬንታኪ ውስጥ ሙለንበርግ ካውንቲ የተወለደው። እሱ ፈጠረው ማለት ግን አይደለም። እዚያው አገሩ ከነሞዝ ሬገርና አይክ ኤቨርሊ ነው የቀሰመው፤ ከነሱ በፊት ደግሞ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ጊታሪስት ነበር፣ ስሙ ሊረሳ አይገባም። ትራቪስ ባሱን በአውራ ጣቱ ይዞ ዜማውን በአብዛኛው በአመልካች ጣቱ ብቻ ነበር የሚመታው። ሌላው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ በሬዲዮ ሲሰማው ይህ ሁሉ ከአንድ ጣት ይወጣል ብሎ አልገመተም፣ ስለዚህ ጣቶች ጨምሮ የራሱን መንገድ አወጣ። ሁለቱም ያስኬዳል። አንዱን ምረጥና የትኛው ጣት የትኛውን ክር እንደሚመታ ወስን፤ መሃል ላይ እያቀያየርክ ከሆነ እጅህ መቼም አይለምደውም።

ዘጠነኛ ፍሬት፦
አመሰግናለሁ፣ እህታችሁ ነኝ ግን። ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ የኔ ጉዳይ ቅዳሜ ነው እንጂ! ሁለተኛውን ክር በአመልካች፣ አንደኛውን በመሃል ጣት ነው የምመታው፣ አላቀያይርም። ሜትሮኖሙም 50 ላይ ነው። እዚያው ቦታ ይሰበራል።

ባለ ናይለን፦
አውራ ጣትሽ ዜማውን ጥሞት ቆሞ እያዳመጠ ይሆናል 😄
ከምሬ ግን፣ ፒኩ የሚዞረው ስለሚሰፋሽ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክሪው፣ ለስለስ ሲል በጣትሽ ልክ ጠበብ አድርጊና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ እንደያዘ ይቀራል። ጫፉ ከረዘመም ክር ላይ እየተጠለፈ ያዞረዋል። በጥፍር ሞረድ ትንሽ አሳጥሪው።

ካፖ፦
ለምን ውሃ? ላይተር ጠጋ ማድረግ ነው።

ባለ ናይለን፦
ኧረ በፍጹም! ከሴሉሎይድ የተሠራ ፒክ ብዙ ነው፣ ሴሉሎይድ ደግሞ እሳት ሲነካው ቦግ ነው የሚለው። ውሃ ብቻ።

ሁለት ለአራት፦
እኔ ጥያቄሽ ራሱ ላይ ነው ቅር የሚለኝ። «ባሱ ለብቻው ልክ ነው፣ ዜማው ለብቻው ልክ ነው» ትያለሽ። እሺ፣ ግን ስትጫወቺ ሁለት ነገር አይደለም የምትጫወቺው። ብዙ ሰው ጣቶቹ ተለያይተው እንዲያስቡለት ይጠብቃል፣ ይህ የማይሆን ነገር ነው። እጅ የሚማረው አንድ ተደራቢ ምት ነው። በአንድ ሜዠር (በአንድ የምት ዙር) አራት የአውራ ጣት ምት አለ፣ በየመሃሉ ደግሞ አንዳንድ «እና»፦ አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና። የዘፈንሽ እያንዳንዱ የዜማ ኖታ ወይ ከአውራ ጣትሽ ጋር አብሮ ይወድቃል ወይ «እና» ላይ። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ «እና» ላይ ያሉትን አክብቢ።

አሁን ወደ ሲ። ባሱን 5፣ 4፣ 6፣ 4 (ቁጥሮቹ የክር ናቸው፣ 6 ወፍራሙ) ነው የምትሄጂው ብዬ ልገምት። ከሆነ ሦስተኛው ምት ላይ አውራ ጣትሽ ወደ ስድስተኛ ክር ይወርዳል፣ በዚያው ቅጽበት የግራ እጅሽ የቀለበት ጣትም ከአምስተኛው ክር ወደ ስድስተኛው ይዘላል። ከዚያ ቀደም ባለው «እና» ላይ ደግሞ ዜማው ገብቷል። ሦስት ነገር ተደራረበ። የቆመው አውራ ጣትሽ ይምሰል እንጂ የዘገየው ግራ እጅሽ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ 5፣ 4፣ 5፣ 4 አድርጊና ሞክሪ።

ቀስ በቀስ፦
ሜትሮኖም ሞክረሻል? 50 አካባቢ ጥሩ ነው።

ዘጠነኛ ፍሬት፦
@ሁለት ለአራት በ5፣ 4፣ 5፣ 4 አልቆመም! አሁን ደጋግሜ ሞከርኩት። ግን ባሱ ደረቀብኝ፣ ያ የሚወዛወዝ ነገር ጠፋ። 6ቱን እንዴት ልመልሰው? ፒኩን ውሃ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሁለት ለአራት፦
የቀለበት ጣትሽን ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባሉት ብረቶች የተከፈለው ቦታ) ላይ፣ ትንሿን ጣት አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ አስቀምጪ። ሁለቱም ባስ ተይዟል፣ የሚዘል ጣት የለም። ትንሿ ጣትሽ ለዜማ የምታስፈልግሽ ከሆነ ግን ዝላዩን መልመድ ግድ ነው። ያኔ ሙሉውን ዘፈን አትጫወቺ። ሦስት ምት ብቻ፦ አውራ ጣት 4፣ አመልካች 2፣ አውራ ጣት 6። እሱን አዙሪው። ሳትጨነቂ እያወራሽ መምታት ስትችዪ ከፊቱ አንድ ምት ጨምሪ፣ ከዚያ ከኋላው አንድ።

ካፖ፦
ለቅዳሜ ይህ ሁሉ አይደርስም። ዘፋኙ ሲዘፍን አንቺ ዜማ ጭራሽ አትጫወቺ፣ እሱ እየዘፈነው አይደል? ባስና ኮርድ ይበቃዋል። ዜማው የሚያስፈልግሽ መግቢያውና መሃል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። እዚያ የሚያስቸግርሽን «እና» ወደ ምቱ አምጪና ከአውራ ጣትሽ ጋር አብረሽ ቆንጥጪው።

ስድስተኛው ክር፦
እንዲህማ ከሆነ ትራቪስ ፒኪንግ መሆኑ ቀረ! ሕይወቱ እኮ «እና» ላይ ነው ያለው።

ካፖ፦
ምቱ ከሚሰበር ዜማው ቢቀል ይሻላል። አዳማጭ የጎደለ ኖታ አያውቅም፣ የቆመ ባስ ግን ወዲያው ይሰማዋል።

የእንጨት ድምፅ፦
በካፖ እስማማለሁ። ደግሞ የቀኝ መዳፍሽን ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ ሆድ ላይ የሚታሰሩበት) ላይ አሳርፊና ባሱን አፍኚው፣ ከ6 እስከ 4 ያሉትን ክሮች ብቻ። ድምፁ «ጥብ ጥብ» ብሎ ኖታው ጭራሽ ከጠፋ ከብሪጁ ርቀሻል፣ ወደ ኋላ መለስ በይ። ባሱ ሲታፈን ዜማው ሳትጮኺበት ጎልቶ ይወጣል።

ቀስ በቀስ፦
በዚህ አጋጣሚ፣ ኤፍ ኮርድ ላይስ ምን ታደርጋላችሁ? ባሬ ስይዝ (በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ ስጫን) ለዜማ የሚተርፍ ጣት የለኝም።

ስድስተኛው ክር፦
አውራ ጣትህን በአንገቱ ላይ አሳልፈህ ስድስተኛውን ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ያዝ፣ ትራቪስም እንዲሁ ነበር የሚይዘው። እጅህ ካልደረሰ ስድስተኛውን ተወው፣ ባሱን 4፣ 3፣ 4፣ 3 እያልክ ሂድ፣ ዜማውን ከላይኞቹ ሁለት ክሮች አውጣ።