«ከከፈልን የኛ ነው»፦ የዘጌ ቡና ማሸጊያ ሥዕል ያስነሳው ክርክር

የሽምብጥ ልጅ
ቅዳሜ ሠዓሊዎች፣ ነጋዴዎች፣ አሳታሚዎችና የባህል መሥሪያ ቤት ሰዎች እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ውስጥ ስንወያይ ዋልን። አንድ የማርኬቲንግ ኃላፊ ተነስቶ «ከከፈልን የኛ ነው፤ ሠዓሊው ከዚያ በኋላ ምን አገባው?» አለ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

ነገሩን ላልሰማችሁ። አንዲት ልጅ ቡና ቆልቶ ለሚያሽግ ድርጅት የማሸጊያ ሥዕል ሠራች። ጣና ሐይቅ ላይ ባለችው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አንዲት እናት ቡና ስትለቅም ነው። አሣሣሉ እዚያው ዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕል የተከተለ ነው። ፊቷ ወደኛ የዞረ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ጎላ ያሉ፣ የቀሚሷ ጥለት በቀይና በቢጫ የተሰመረ። ልጅቱ ስሟን ሥዕሉ ላይ ካለው ታንኳ ሥር፣ በውኃው መስመሮች መካከል አድርጋ ጽፋው ነበር። ማሸጊያው ታትሞ ሲወጣ ሴትዮዋ ወደ ጎን ዞራለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ከኋላዋ ጥማድ በሬ ተጨምሯል። ስሟ በነበረበት ቦታ ባርኮድ ተቀምጧል። «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ያው ቅዳሜ የሰማነው ነው።

ነጋዴው
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። እናንተ ሥዕሉን ብቻ ነው የምታዩት። ማሸጊያ ሲታተም ለየቀለሙ ለብቻው የማተሚያ ሲሊንደር ይቀረጻል። አንዲት መስመር ብትነካ እንደገና ይቀረጽ ይባላል፤ ወጪው የኔ ነው። ዕቃው ባይሸጥ ኪሳራው የኔ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ቀለም በቀየረ ቁጥር ሠዓሊ ፍለጋ ይዙር? ተስማምተን ዋጋ ቆረጥን፣ ከፈልን፣ አለቀ። ከከፈልን የኛ ነው ማለት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የዘጌዋ
እኔን ያናደደኝ በሬው ነው። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም! በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ነው። የዘጌን ገዳም መሠረቱ ከሚባሉት ከአባ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው፣ ቡናውም በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው በዚህ ነው። ጥማድ በሬ የጨመረው ሰው ዘጌን ረግጧት አያውቅም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሄዶ ማየት አቅቶት ነው? ልጅቱ ግን ሄዳ አይታ ነው የሣለችው። የከፈላችሁት ለዚህ አልነበረም?

የቆሎ ተማሪ
በሬው ቀላሉ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሓዲ ነው። እነዚህ ሰዎች ቡና የምትለቅምን እናት ከነማን ጋር እንደደመሯት አያውቁም። ግን ልጅቱንም አላመሰግናትም። የቅዱሳንን አሣሣል አውጥቶ መንገድ ላይ በሚጣል ከረጢት ላይ ማተም በኔ በኩል ልክ አይደለም። ደግሞ ስሜ፣ ስሜ የምትሉት ምንድን ነው? አባቶቻችን ለእግዚአብሔር ብለው ሠሩ እንጂ ስማቸውን አልጻፉም።

ቀለም በጥብጥ
ወንድሜ፣ አልጻፉም አትበል። እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ የሣለው ሥዕል አለ። 15ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ዘመኑ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ሠዓሊውን የምናውቀው ስሙ ሥዕሉ ላይ ስላለ ነው። እዚያው ጣና ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ሂድ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያሣለው ሰው ይታወሳል ማለት ነው። የሣለው ለምን ይረሳ?

ከረጢት ላይ አይውጣ ላልከው፣ ልጅቱ መልአክ አልሣለችም። ገበሬ እናት ናት። መስመሩንና ቀለሙን ከዑራ ወሰደች፤ ሌላ ከየት ትውሰድ? ያደግንበት ሥዕል እሱ ነው።

የቆሎ ተማሪ
ፍሬ ጽዮን መነኩሴ ነው። ስሙን የጻፈው ጸሎት እንዲደርሰው ይመስለኛል እንጂ ዋጋ እንዲጨመርለት አይደለም። አንድ ስም ጠቅሰሽ በሺህ የሚቆጠረውን ስም የለሽ አታስረሺኝ።

ጠበቃው
ሁላችሁም ሕጉን ትታችሁታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ ያዘዘው ነው ይላል። ስለዚህ ያለ ውል የሠራ ሠዓሊ የገንዘቡን ጥቅም ገና ከመነሻው ለአሠሪው ለቅቋል።

ነጋዴው
ይኸው! ሕጉ ራሱ ነገራችሁ። ከከፈልን የኛ ነው።

ጠበቃው
ጋሼ፣ አልጨረስኩም። እሱ የኢኮኖሚ መብት ነው። ያው አዋጅ የሞራል መብት የሚለው ሌላ አለ። የሥራው አመንጪ እኔ ነኝ የማለት መብት፣ ሥራው ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ ሲለወጥ የመቃወም መብት። ይህ የኢኮኖሚ መብቱ በማንም እጅ ቢሆን ከሠዓሊው ጋር ይቆያል። ማተሙ የእርስዎ ሊሆን ይችላል። ስሟን በባርኮድ መሸፈንና ሴትዮዋን አዙሮ ሌላ ትርጉም መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሽምብጥ ልጅ
ጋሼ፣ እርስዎ ከሕጉ የወደዱትን አንዷን መስመር ብቻ ነው የያዙት። አሁንስ? የበሬው ሥዕል በልጅቱ ስም ሲወራ ዘጌ ላይ የሚስቁት በእርስዎ ነው በእሷ?

ነጋዴው
መጀመሪያ ነገር ያ ድርጅት የኔ አይደለም፤ አትደባልቀኝ። በሬው ስህተት ነው፣ እሱን አምኛለሁ። ግን ልጅቱም ትርፍ አላት። ሥራዋ በየሱቁ ይታያል። ለእሷም ማስታወቂያ ነው።

ቀለም በጥብጥ
ስሟ ጠፍቶ ማስታወቂያው ለማን ነው? ይህን ንግግር ከአሥር ነጋዴ ሰምቼዋለሁ። «ለአንቺም ማስታወቂያ ነው» ይሉና ስም የምትጽፊበትን ቦታ ይከለክሉሻል። ሁለቱን አንድ ላይ ማለት አይቻልም። ወይ ክፈሉ፣ ወይ ስሙን አውጡ። የሚገባው ግን ሁለቱም ነው።

ከአሳታሚ ጋር የሠራሁ
የመጽሐፍ ሰው ደግሞ ከነጋዴ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። የልጆች ተረት መጽሐፍ ሙሉውን ሣልኩ። ጽሑፉ በየገጹ ሦስት መስመር ነው፤ ቀሪው ሥዕል ነው። ደራሲው ከሚሸጠው ቅጂ ድርሻ ነበረው። እኔ አንዴ ተከፍሎኝ ተሰናበትኩ። ሁለተኛ ዕትም ወጣ፣ ቀጥሎ ያው ሥዕል የግድግዳ ካላንደር ሆነ። የነገረኝ የለም፤ ካላንደሩን ያየሁት ፀጉር ቤት ተሰቅሎ ነው። ሶርስ ፋይሉን፣ ማለት ሥዕሉ የሚስተካከልበትን ዋናውን ፋይል፣ ከነሌየሩ (ከነተደራራቢ ክፍሎቹ) አስረክቤ ስለነበር እንደፈለጉ ቆራረጡት። ዛሬ ቢሆን ለኅትመት የሚበቃውን ፋይል ብቻ ነው የምሰጠው፤ ሌየሩ እኔ ጋ ይቀራል።

አዲስ አበቤ
እናንተ ጋ ውል የሚባል ነገር የለም እንዴ? እዚህ ያለ ቀብድና ያለ ውል እርሳስ የሚያነሳ የለም። ባሕር ዳር ሁሉ ነገር በትውውቅ ስለሆነ ነው።

የዘጌዋ
አዲስ አበባ ውል ስለበዛ ነው ሠዓሊው ሁሉ ሀብታም የሆነው? በትውውቅ መሥራት ስድብ አይደለም። ችግሩ የተዋወቅከው ሰው ሲክድህ ነው።

አዲስ አበቤ
እሱን ነው እኮ የምለው። ሲክድህ በምን ትይዘዋለህ?

ባህል መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው
እኛንም ስሙን። ለበዓል ባነር ወይም ለቱሪስት ብሮሸር ሥዕል ስንፈልግ ሦስት ፕሮፎርማ አቅርቡ እንባላለን። እንደ ልጅቱ ያለ ሠዓሊ ንግድ ፈቃድ የለውም፤ ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ ሥራው ለማስታወቂያ ድርጅት ይሰጣል፤ እሱ ሠዓሊውን ያሠራል። ገንዘቡም ስሙም መሐል ላይ ይቀራል። ብሮሸሩን ስንረከብ ማን እንደሣለው እኛም አናውቅም። ክፋት አይደለም፤ ግዢ የሚሄድበት መንገድ ነው።

የሽምብጥ ልጅ
አናውቅም ማለት መልስ አይሆንም። ከድርጅቱ ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ «የሠዓሊው ስም ይጠቀስ» የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር ምን ያግዳችኋል? የገዳማቱን ሥዕል ቱሪስት እንዲያይ እየጋበዛችሁ፣ በሕይወት ያለውን ሠዓሊ ስሙን አናውቅም ትላላችሁ።

ባህል መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው
አንቀጹን እኔ ልጽፈው እችላለሁ። የሚፈርመው ግን እኔ አይደለሁም።

የቆሎ ተማሪ
ወደ ዋናው ነገር ተመለሱ። ስም ተጻፈ አልተጻፈ፣ ያ ከረጢት ነገ ቆሻሻ ላይ ይጣላል። ያን ጊዜ የማን ክብር ነው የሚረገጠው?

ቀለም በጥብጥ
እሱን ለብቻው እንከራከርበት፤ እምቢ አላልኩህም። አሁን ግን በዚህ ሰበብ ልጅቱን አትጣላት።

ጠበቃው
ለሚቀጥለው ሥራ የሚሆን አጭር ውል ላዘጋጅላችሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። ሥዕሉ ለምን እንደሚውል ይዘርዝር፤ ማሸጊያ ከተባለ ማሸጊያ፣ ቢልቦርድና ቲሸርት ለየብቻ። ስም የት እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ለውጥ ሲኖር ሠዓሊው አስቀድሞ ይየው። ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚሠራም ይወሰን፤ እሱ ነጋዴውንም ይጠቅማል።

ነጋዴው
ማስተካከያው ከተወሰነ እኔም አነባለሁ። ስም ግን ከጀርባ እንጂ ከፊት አላደርግም። ከፊት ያለው ቦታ የብራንዱ ነው።

የሽምብጥ ልጅ
ከጀርባ ሲሉ በምን ያህል ፊደል? ልጅቱን ስናማክራት ሥዕሉ ላይ ካልሆነ አልፈርምም ብላለች።

ነጋዴው
እንግዲያው ሌላ ሠዓሊ አለ።

የዘጌዋ
አለ፤ በሬ የሚሥልልዎት።