ክርክር፦ ለስደተኞች የምግብ ደህንነት ትምህርት ለብቻው ይዘጋጅ ወይስ ያለው ተተርጉሞ ይሰጥ?

ተርጓሚዋ፦
አንድ የጤና ቢሮ ለስደተኞች የምግብ ደህንነት ስልጠና ሊጀምር ነው። ገሚሱ «ያለውን በራሪ ወረቀት ተርጉሙና ስጡ፣ በቃ» ይላል። ሌላው «እንደየማኅበረሰቡ አበሳሰል እንደ አዲስ ይሠራ» ባይ ነው። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። «ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ አታቆዩ» የሚለውን መተርጎም ለእኔ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቤቷ ቴርሞሜትር የሌላት እናት ግን ምን ታድርገው? «ድስቱ ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ» ብትባል ዛሬውኑ ታደርገዋለች።

ሼፉ፦
እኔ አልስማማም። ሳልሞኔላ፣ ይህ በምግብ የሚተላለፍ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ፣ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣቸው አምስት ቁልፎች አሉ፦ ንጽህና፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ መጠበቅ፣ ንጹህ ውሃና ጥሬ ዕቃ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ደግሞ «ለስደተኞች ብቻ» ሲባል «እናንተ ንጽህና አታውቁም» የሚል ይመስላል። እኔም ስደተኛ ነኝ። ሃያ ዓመት ካበሰልኩ በኋላ እንዲህ ዓይነት ስልጠና ላይ እጅ መታጠብ ሲያስተምሩኝ አንገቴን ነው የደፋሁት።

ነርሷ፦
ያ ስልጠና አሳፋሪ የሆነው ማንም ስላልጠየቀህ ነው፣ ወንድሜ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ የሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያ ካልፈላ ወተት ቤት ውስጥ የሚሠራ ለጋ አይብ ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳመመ። አይቡን የሚሠሩት ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። «ተዉት» ቢባሉ ማን ይሰማል? አያት ለልጅ ልጇ የምታቀርበው ነገር ነው! ባለሙያዎቹ አያቶቹን ራሳቸውን በሥራው አሳተፉ። በፓስቸራይዝድ ወተት (ጀርሙ በሙቀት በተገደለ ወተት) የሚሠራ፣ ጣዕሙ የማይከፋ አሠራር ተዘጋጀ። እያንዳንዷ አያት ቢያንስ 15 ሰው ለማስተማር ቃል ገባች። ፕሮጀክቱም በስፓኒሽ «አያት» ተባለ። በሽታው ቀነሰ፣ አይቡም አልቀረም።

ሼፉ፦
ደስ የሚል ነው። ግን አንድ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ቋንቋ ቢነገርስ? ለየአንዳንዱ ማን ይደርሳል?

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም የሚሰለጥነው እንደ እኔ ያለው ነው። ለዓመታት «ፍሪዘር ያደረ ሥጋ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሞታል» ብዬ አምን ነበር። ቀዝቃዛው ለበቂ ቀናት ከቆየ የኮሶን ዕጭ ይገድላል፣ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋውም፤ ሲቀልጥ እንደገና ይራባል። ይህን ያወቅኩት ሦስተኛ ልጄን ካረገዝኩ በኋላ ነው። ሊስቴሪያ የሚባለው፣ ለፅንስ አደገኛ የሆነው ባክቴሪያ ፍሪጅ ውስጥም እንደሚያድግ ያኔ ነው የሰማሁት። ወረቀቱማ በቋንቋዬ ቤቴ ነበር። «አድርጊ፣ አታድርጊ» ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር የለውም። ምክንያቱን ንገሩኝ፣ ወጥ ቤቴን እኔ አስተካክላለሁ።

ተርጓሚዋ፦
ሼፍ፣ ሠላሳ መጽሐፍ አልጠየቅኩም። ሳይንሱ አንድ ነው፣ ምሳሌው ይለያይ። በቅርቡ አንዲት እናት ጥሬ ዶሮ ከቧንቧ ሥር ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ውሃው እየተፈናጠረ ዳር ላይ የተከተፈው ሰላጣ ላይ አረፈ። ወረቀቱ «ዶሮ አትጠቡ» ይላል። እሷ ዘንድ ያልታጠበ ዶሮ ነውር ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን አትሰማም። እኔ ጠብታዎቹን በጣቴ አሳየኋት። ወዲያው ሰላጣውን ደፋችው፣ ሲንኩንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈገፈገች። ማጠቡን ለመተው ገና እያሰበችበት ነው።

ሼፉ፦
እሺ፣ በዶሮው ረታሽኝ። በአንድ ነገር ግን አልለቅም፦ «ለስደተኞች» የሚለው ስም ይነሳ። የአገሬው ሰውም ዶሮ ሲያጥብ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አብሮን ይቀመጥና ይማር።