ጣና ዳር ያሉትን ትንንሽ ወፎች የሚለይልኝ አለ?

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ለሥራ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ለአገሩም ለወፉም እንግዳ ነኝ። ትልልቆቹ አያስቸግሩም። ፔሊካንን መንቁሩ ያጋልጠዋል፤ ዓሣ በሉ ንስርም በነጭ ራሱና በጩኸቱ ይታወቃል። ያቃቱኝ ጭቃው ላይ ውር ውር የሚሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው። በዚህ በጥቅምት ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ሲጨመሩ ጉዴ ፈላ።

አንዱን ለይቼዋለሁ። ሆዱ ነጭ ነው፤ ነጩ ከክንፉ ፊት ለፊት ሾልኮ ወደ ትከሻው ይወጣል። ጅራቱን ማወዛወዝ አይታክተውም። ኮመን ሳንድፓይፐር ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን አሳበዱኝ! ሁለቱም ብድግ ብለው ሲበሩ ከጅራታቸው በላይ ነጭ ብልጭ ይላል። መጽሐፉ ዉድ ሳንድፓይፐር እግሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጀርባው ጠቃጠቆ የበዛበት ነው ይላል። ግሪን ሳንድፓይፐር ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ክንፉም ከሥር ጥቁር ነው አሉ። እሺ፣ ጭቃ የተለወሰ እግር ቀለሙ በምን ይታወቃል?

በድምፅ ወይም በአበራረር የምትለዩበት ዘዴ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ዓሣ አጥማጆቹን ብጠይቅ «ያው ወፍ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላው፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ባለረጃጅም እግርና አንገት ወፎች ፎገራ ሜዳ ላይ የሚበዙት ኅዳር ነው ወይስ ታኅሣሥ? ሸሸርና ወለላ ረግረጎችንም ማየት እፈልጋለሁ። መኪና የለኝም። ከወረታ በባጃጅ ይደረሳል? መንገዱን የሚያሳይ የአካባቢው ሰው የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙኝ፤ ክፍያውን ቀድመን እንነጋገራለን።