አስቸኳይ! የልጄ የላክሮስ ስቲክ መረብ ተበጠሰ፣ ነገ ጠዋት ካምፕ አላት

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ ሰላም ወገኖቼ፣ ላክሮስ (ጫፉ ላይ መረብ ባለው ስቲክ ኳስ እየተቀበሉ የሚወረውሩበት ጨዋታ) የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ልጄ ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ካምፕ አላት። አሁን ጓሮ ስትለማመድ መረቡ ተበጥሶ ተንጠለጠለ። ሱቅ ተዘግቷል። የወንድሟን ስቲክ ይዛ ብትሄድስ? ወይስ የሱን መረብ ፈትተን በሷ ላይ እንሰረው? እያለቀሰች ነው።

አባ መላ፦ አዲስ መግዛት ነው እህቴ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ጋሼ ከቦዊ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። በመጀመሪያ የምትሄድበትን ቤት እወቂው። የሜሪላንድ ሴቶች የኤንሲኤኤን (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የላክሮስ ዋንጫ 14 ጊዜ የወሰዱ ናቸው። በ2017 ወንዶቹም ሴቶቹም በአንድ ዓመት ዋንጫ አነሡ። ወንዶቹ ደግሞ በ2022 18 ጨዋታ ተጫውተው 18ቱንም አሸነፉ። ጨዋታው ራሱ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ፣ ሆዴኖሾኒ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለፈጣሪ ክብር ይጫወቱት የነበረ ነው። በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል። ልጅቷ ይህን ሁሉ አውቃ ሜዳ ትግባ።

ናቲ ቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ልጅቷ መኪና ውስጥ ትሰማዋለች፤ አሁን ክር ነው የቸገራት 😄

ኮሌጅ የተጫወተች፦ የወንድሟን ስቲክ በፍጹም እንዳትወስድ። የወንዶቹ ኪስ (ኳሱ የሚያርፍበት የመረቡ ጎድጓዳ) ጥልቅ ነው፣ ለሴቶች ጨዋታ አይፈቀድም። የሴቶቹ ኪስ ውስጥ ኳሱን አስቀምጠሽ በእጅ ጫን አድርገሽ ስትለቂው፣ ከጎን ሲታይ የኳሱ አናት ከስቲኩ ራስ የጎን ጠርዝ በላይ መውጣት አለበት። የሱንም አትፍቱት፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ስቲክ ታጣላችሁ። ለመሆኑ የተበጠሰው የቱ ጋ ነው? ከላይ፣ ከጎን ወይስ ከታች በእጀታው በኩል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ ከጎን ነው፣ በቀኝ በኩል። መረቡ ራሱ ደህና ነው።

ዶክተር በ.፦ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ግን ጭንቀቱ ራሱ አልገባኝም። ስንተኛ ክፍል ናት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ 10ኛ። ስኮላርሺፕ እንድታገኝ ነው እንጂ እኔማ ምን አስጨነቀኝ።

ዶክተር በ.፦ እንግዲያው ስሚኝ። አሰልጣኞቹ 11ኛ ክፍል ገብታ ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ ስለ ምልመላ ሊያናግሯት አይፈቀድላቸውም። ነገ ዝም ቢሏት አልወደዷትም ማለት አይደለም። ስኮላርሺፑም ቢሆን ሙሉ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ለብዙ ተጫዋች ይከፋፈላል። ዲቪዥን ስሪ (ሦስተኛው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ) ጭራሽ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ሂሳቧን ታጥና።

የሁለት ልጆች እናት፦ ዶክተር፣ እውነትዎን ነው፣ ግን ልጅቱ በወደደችው ነገር ደስ ብሏት ትጫወት እንጂ! ሁሉ ነገር ገንዘብ ነው እንዴ?

አባ መላ፦ አዲስ ግዢ አልኩ እኮ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦ ወንድሜ፣ ሱቁ የሚከፈተው ካምፑ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ኮሌጅ የተጫወተች፦ ከጎን ከሆነ መረቡን ከስቲኩ ራስ ጋር የሚያያይዘው የጎን ክር ብቻ ነው የሄደው፣ ይድናል። ያልተበጠሰውን ጎን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ክሩ በየትኛው ቀዳዳ ገብቶ የመረቡን ስንተኛ አይን እንደያዘ ቁጠሩ። ከዚያ ቀኙን ልክ እንደ መስተዋት አስመስላችሁ ከላይ ወደ እጀታው እየወረዳችሁ እሰሩ። ወንድሟ ትርፍ ክር ካለው እሱን፣ ከሌለ ቀጭንና የማይለጠጥ ናይለን ተጠቀሙ። የጫማ ክር ለታች ማሰሪያ ይሆናል እንጂ ለጎን ይላላል። ጫፉን በላይተር አቅልጡት፣ አለዚያ ይተረተራል። ሁለቱ ጎን እኩል ካልተወጠረ ኳሱ ወደ አንድ በኩል ይሄድባታል። ስትጨርሱ ያልኩሽን የኳስ ፈተና ድገሙት፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ትወርውር። ኳሱ ወደ መሬት ከወረደባት ከላይ ያሉትን አግዳሚ ክሮች ትንሽ አላሉላት። ፎቶውን እዚህ ላኪው፣ አልተኛም፣ አየዋለሁ።

ናቲ ቨርጂኒያ፦ የዓይን መከላከያ መነጽሯንና የጥርስ መከላከያዋን ዛሬውኑ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። በጭንቀት መሃል የሚረሳው እሱ ነው፤ ያለሱ ደግሞ ሜዳ አያስገቧትም።

ኋይት ኦክ፦ እኔ ቅርብ ነኝ። የልጄ የድሮ የሴቶች ስቲክ ጋራዥ አለ፣ መረቡ ደህና ነው። የውስጥ መልእክት ላኪልኝ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነቅቻለሁ፣ በሩ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። የታሰረውም ካልሆነ መጠባበቂያ ይኑራት።

ጋሼ ከቦዊ፦ ተባረኪ ልጄ። ስለ ስኮላርሺፕ ዶክተር ያልጠቀሱት አለ። ከ2025 ወዲህ አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት (ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደውን) የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ተነሥቶ የተጫዋች ቁጥር ተገድቧል፤ ለሴቶች 38፣ ለወንዶች 48።

ዶክተር በ.፦ ጋሼ፣ ገደቡ ተነሣ ማለት ዩኒቨርሲቲው ለ38ቱም ይከፍላል ማለት አይደለም።

የገርማንታውን አባት፦ እግረ መንገዴን፣ የኔ ወንድ ልጅ ዘንድሮ ሊጀምር ነው። የታላቅ ወንድሙ የድሮ ትከሻ መከላከያ ይሆነዋል ወይስ ሌላ ልግዛ?

ኮሌጅ የተጫወተች፦ ኤንዲ200 የሚል የደኅንነት ደረጃ ምልክት ከሌለው አያስገቡትም። ልብን ከኳስ ምት እንዲከላከል የወጣ ደረጃ ስለሆነ በእሱ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፣ ፎቶው የት ደረሰ?

አባ መላ፦ ለሱም አዲስ ነው የሚሻለው።